የደብሪቱ ዓሣ በሉጥፊ ሚኒባስ

ደብሪቱ ምሥራቅ ሱዳን ውስጥ፣ ግድብ በፈጠረው ሐይቅ ዳር ትኖራለች፤ ጧት ጧት ዓሣዋን በጆንያ ሞልታ በሚኒባስ ገዳሪፍ ከተማ ወስዳ ትሸጣለች። ያን ቀን ግን ከተሳፋሪዎቹ አንዱ፣ ነጋዴው ኑዕማን፣ አፍንጫውን ይዞ፣ «ይሄ ክርፋት ከኔ ጋር አይሳፈርም!» አለ። ከረፈደ ዓሣው አለቀለት፤ ለምና ለምና ከኋላ ተጫነላት።

መንገድ ላይ ዝናብ ወረደና መኪናው ዋልካ ውስጥ ተቀረቀረ። የዚህ አገር ዋልካ ግመል ይይዛል፤ ይህን የማወራችሁን እኔን ግን ይዞኝ አያውቅም።

ሾፌሩ ሉጥፊ፣ «ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ጆንያዎችሽን ከጎማው ሥር እናንጥፋቸው» አላት።

«ዓሣውስ?»

«እሱን እንጃ።»

«እንግዲያው ተሳፋሪው ይታቀፈው!»

ሌላ መላ አልነበረም። ጆንያው ተነጠፈ፣ መኪናው ወጣ። ዓሣው በየሰዉ ጭን ላይ ተቀምጦ በጊዜ ገበያ ደረሰ። ትልቁን የታቀፈው ኑዕማን ነው፤ አፍንጫውን የሚይዝበት እጅ አልተረፈውም።