ሁለተኛው ክዳን

ኦርፋ ስቲክኒ ሰው ለመናቅ ጊዜ አትፈጅም። አንድ ጊዜ ከጫማው እስከ ባርኔጣው ታየዋለች፣ በአፍንጫዋ እፍ ትላለች፣ አለቀ። ሰባ ሊሞላት ሁለት ዓመት የቀራት ይህች ሴት በኮርዊን መንደር ያልናቀችው ቢፈለግ ፓስተሩና ፈረሶቿ ብቻ ነበሩ። ፓስተሩም ትራክተር የገዛ ዕለት ከዝርዝሩ ወጣ።

ፈረስ ማለት ለእሷ አንድ ዝርያ ነው፤ ሞርጋን የሚባለው። አጠር ያለ፣ ደረቱ የሰፋ፣ ጠዋት ግንድ ጎትቶ ከሰዓት ቤተሰቡን ለሠርግ የሚያደርስ። የስቲክኒ ጋጣ ከባሏ ከሃርላን ቅድመ አያት ጀምሮ ያለ ሞርጋን አድሮ አያውቅም። "ሌላው ምን ፈረስ ነው? እግር ያበቀለ ሶፋ!" ትላለች። በበጋ ከቦስተን እየመጡ ረጃጅም ፈረስ የሚጋልቡትን ሰዎች በመንገድ ስታገኛቸው ደግሞ ሰላምታውን የምትሰጠው ለፈረሱ ብቻ ነው፤ እሱንም ከንፈሯን እየመጠጠች።

ሃርላን ሲሞት የቀረችው አንዲት ዳማ ባዝራ ነበረች፤ ዶርካስ። መንደሩ ባለበት በአሜሪካው ቨርሞንት በረዶው መቅለጥ ሲጀምር የሜፕል ዛፎች ጭማቂ ይሰጣሉ፤ እሱ ተፈልቶ እንደ ማር የወፈረ ሽሮፕ ይሆናል። ጎረቤት ሁሉ ጫካውን በፕላስቲክ ቱቦ ጠፍሮ ጭማቂው በራሱ ጊዜ እየወረደለት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ኦርፋ "ጫካውን ጉሉኮስ የተሰካበት በሽተኛ አስመሰሉት" እያለች ትስቃለች። እሷ ዛሬም በየግንዱ ክዳን ያለው የቆርቆሮ ባልዲ ትሰቅላለች።

ዶርካስ ትልቅ በርሜል የተጫነበትን የበረዶ ላይ መንሸራተቻ እየጎተተች በዛፎቹ መሃል ትሄዳለች። ልጓሟን የሚይዝ፣ ሂጂ ቁሚ የሚላት የለም። ባልዲ ስታይ ራሷ ትቆማለች። ኦርፋ የግራውን፣ ልጇ ኤልዊን የቀኙን ባልዲ አውርደው በርሜሉ ውስጥ ይገለብጣሉ፣ መልሰው ይሰቅላሉ፣ ክዳኑን ይዘጋሉ። አንዱ ክዳን ጠቅ ሲል ዶርካስ ጆሮዋን ብቻ ታዞራለች። ሁለተኛው ጠቅ ሲል ወደሚቀጥለው ዛፍ ትሄዳለች። አንዱ ገና ባልዲ እንደያዘ ጥላው እንዳትሄድ ሃርላን ነው እንዲህ ያስለመዳት። አሥራ ሁለት ዓመት አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።

ታዲያ ኤልዊን፣ ይህ የሠላሳ አራት ዓመት ጎረምሳ፣ አንድ ቀን እራት ላይ ምን ቢል ጥሩ ነው? ዶርካስን ለነሐሴው የአውራጃ የፈረስ ትርዒት አሰልጣኝ ጋ ልወስዳት ነው አለ።

"ለትርዒት?" አለች ኦርፋ፣ ማንኪያዋን አስቀምጣ። "ምን ልታደርግ? ልትዘፍን?"

"እማዬ፣ ስሚኝ እስቲ። ካሸነፈች ስሟ ይወጣል። ውርንጭላዎቿን የሚፈልግ ሰው ይመጣል። የመንገድ ሥራውን ትቼ እዚሁ ፈረስ አረባለሁ። ካልሆነ ግን አሰልጣኙ ሌይን ኬንታኪ ግዛት ባለው ጋጣው ሥራ ሰጥቶኛል። እሄዳለሁ።"

"አንተ? ካልሲህን እኔን ሳትጠይቅ የማታገኝ ሰውዬ ኬንታኪን ልታገኛት?"

ኤልዊን አልሳቀም። እሷ ግን ሳህን እያጠበችም ትስቅ ነበር። ያናደዳት ልጇ የአባቱን ፈረስ ለማይረባ ነገር አሳልፎ መስጠቱ ነው፤ ይሄዳል ብላ ግን ለአንድ ደቂቃም አላመነችም።

ሌይን የሚባለው አሰልጣኝ ጫማው የሚያበራ፣ ድዱ ሁሉ የሚታይ ፈገግታ ያለው ሰው ነው። ለዶርካስ ኮቴዋ ላይ ከበድ ያለ የብረት ጫማ አስመታላትና እግሯን ከፍ ከፍ እያደረገች መራመድ አስተማራት። ኦርፋ አንድ ቀን ሄዳ አየቻት። "ጭቃ እንደጠላች ሙሽራ አደረጋችኋት እኮ!" ብላ ተመለሰች። ኤልዊን ግን ሳያጉረመርም በየማታው ከሥራ እየወጣ እዚያው ይጋልባል፤ ሁለት የቀበቶ ቀዳዳ ያህል ከሳ።

በሐምሌ መጨረሻ፣ በዚያ አገር በጋ፣ ወይዘሮ ብሌክሊ መጣች። የቦስተን ሰው ናት፤ በጋ በጋ መጥታ መንደሩን ካላስጌጥኩ ትላለች።

"ወይዘሮ ኦርፋ፣ እነዚያን የሚያማምሩ አሮጌ ባልዲዎችዎን ለትርዒቱ ያውሱን! ሪባን አስረን ልንሰቅላቸው ነው። ክዳናቸውም አይቅር፤ ክዳኑ ነው ደስ የሚለው።"

"ባልዲ ተሰቅሎ ለማየት ከቦስተን ድረስ!" አለች ኦርፋ። ቢሆንም ሃያ ያህል ሰጠቻት። የት እንደሚሰቀሉ አልጠየቀችም፤ እንዲህ ያለውን ሰው ጥያቄ መጠየቅ ራሱ ክብር መስጠት ይመስላታል።

የትርዒቱ ዕለት ኦርፋ በጎማ ቦቲዋ ሄዳ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ቀና ስትል የሜዳውን ዙሪያ አጥር አየች። በየምሰሶው ላይ የራሷ ባልዲ፣ ከነክዳኑ፣ ቀይ ሪባን ታስሮበት ተሰቅሏል። ጠዋት ነው የሰቀሏቸው።

ወዲያው ገባት። ዶርካስ እዚህ ሜዳ ብትገባ ምን እንደምታደርግ በዓለም ላይ ከሁለት ሰው በቀር የሚያውቅ የለም፤ አንደኛዋ እሷ ናት። ሁለተኛው ኤልዊን ከጋጣው ጀርባ የባዝራዋን ጋማ እያበጠረ ነው። ሃምሳ እርምጃ አይሆንም። "ባልዲዎቹን አስነሳ" ማለት ብቻ ነበር። ብድግ አለች።

ይሄኔ ሌይን በፊቷ አለፈ። "እማማ፣ ዛሬ እርስዎም ፈረስ ምን እንደሚመስል ያያሉ!"

"የማን እማማ ነኝ?" አለችና ተመልሳ ቁጭ አለች። ይየው እስቲ፣ አለች በሆዷ። ሁሉም ይየው። ዶርካስም ኤልዊንም ዛሬውኑ ቤታቸው ይመለሳሉ።

ስማቸው ተጠራ። ኤልዊን ጠንከር ያለ የጋላቢ ባርኔጣ አድርጎ ከሌሎቹ ጋላቢዎች ጋር ገባ። ሌይን "ከባዝራዋ ጆሮዎች መሃል ውጭ እንዳታይ" ስላለው ግራ ቀኝ አላየም። ዶርካስ በሶምሶማ ስትመጣ አንገቷ ቀጥ፣ ፀጉሯ እንደ ተወለወለ ናስ ነበር። ሃርላን ቢኖር ያለቅስ ነበር። ኦርፋ እንኳ "አምራለች" አለች፣ ሳታስበው፣ ጮክ ብላ። ኤልዊንም አምሮበት ነበር።

የመጀመሪያው ባልዲ ጋ ሲደርሱ ዶርካስ ቀጥ ብላ ቆመች። ኤልዊን አንገቷ ላይ ተደፋ። በተረከዙ ነካት፤ ንቅንቅ የለም። ሌሎቹ ፈረሶች እያለፏቸው ሄዱ።

"ነዳጅ አልቆባት ይሆናል!" አለ አንዱ። አግዳሚው ሁሉ በሳቅ ተንጫጫ። ወይዘሮ ብሌክሊ አፏን በፕሮግራሙ ወረቀት ሸፍና ትስቃለች። ዶርካስ ግን አንድ ጆሮዋን አዙራ፣ በትዕግሥት፣ ሥራዋን በትክክል እየሠራች ትጠብቃለች።

ኤልዊን ያኔ ባልዲውን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞሮ እናቱን ፈለጋት። ኦርፋ ዓይኗን ወደ ቦቲዋ ጣለች።

ሌይን ጅራፍ ይዞ ሲገባ ነው ዘላ የተነሳችው። "ትነካትና ታያለህ!" ብላ በአጥሩ ሥር ሾልካ ገባች። ክዳኑን ከፍታ ዘጋችው፣ ደግማ ከፍታ ዘጋችው። ዶርካስ እግሯን ከፍ ከፍ እያደረገች እስከሚቀጥለው ምሰሶ ሄዳ ቆመች። እስከ መውጫው በር ገና ዘጠኝ ባልዲ ይቀራል። ዘጠኙንም ኦርፋ በጎማ ቦቲ እየሮጠች ሁለት ሁለቴ ዘጋች፤ ሕዝቡም ከክዳኑ ጋር አብሮ ያጨበጭብላት ነበር።

በሩ ላይ ኤልዊን ወረደ። ፊቱ እንደ ወረቀት ነጭቷል።

"ባልዲዎቹ የእኛ ናቸው፣ እማዬ።"

"የእኛ ናቸው።"

"ስታውሻቸው አስበሽው ነው?"

"ኧረ በፍጹም! ያኔ መቼ አሰብኩና!"

"ዛሬ ጠዋትስ?"

"ዛሬ አየኋቸው" አለች ኦርፋ።

"እና ዝም አልሽ።"

"ሌይን እኮ..."

"ስትስቂብኝ ለምጄዋለሁ" አለ ኤልዊን። "ሰው እስኪስቅብኝ ቁጭ ብለሽ መጠበቅሽን ግን አልለምደውም።" ልጓሙን እጇ ላይ አስቀመጠላት። እንደሌላ ሰው ዕቃ፣ በጥንቃቄ።

ሐሙስ ዕለት ወደ ኬንታኪ ሄደ። ኦርፋ እሑድ ይመለሳል ብላ ድስት ሙሉ ባቄላ ከአሳማ ሥጋ ጋር ቀቀለች። አልተመለሰም። ካልሲዎቹን አንድም ሳያስቀር፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ አግኝቶ ወስዷቸዋል።

መጋቢት ላይ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ኦርፋ እንደ ልማዷ በግራም በቀኝም ባልዲ ሰቀለች። ጎረቤቷ ላግዝሽ ቢላት ከጫማው እስከ ባርኔጣው አይታ አባረረችው። ዶርካስን ጠምዳ ብቻዋን ወጣች።

የመጀመሪያው ዛፍ ጋ ዶርካስ ቆመች። ኦርፋ የግራውን ባልዲ ገልብጣ ሰቀለችና ክዳኑን ዘጋች። ጠቅ። ባዝራዋ ጆሮዋን አዞረች። ከዚያ አንገቷንም ወደ ቀኝ አዞረች፣ ወደ ኤልዊን ቦታ፣ አልሄደችም።

"ምን ታፈጫለሽ?" አለች ኦርፋ። "የለም!"

ዶርካስ ትጠብቃለች። ኦርፋ በትርዒቱ ቀን እንዳደረገችው ያንኑ ክዳን ደግማ ልትዘጋው ከፈተችው። እጇ እምቢ አላት። እዚያው ክዳኑን እንደያዘች፣ ሃርላን ሲቀበር ያላለቀሰችውን አለቀሰች።

"እኔ ነኝ ያባረርኩት" አለቻት ለባዝራዋ። "እኔው ነኝ።"

ከዚያ አፍንጫዋን በጓንቷ ጠርጋ፣ በረዶው ውስጥ እስከ ጉልበቷ እየሰጠመች፣ መንሸራተቻውን ዞራ ወደ ልጇ ባልዲ ሄደች።