የኤሮኒ ገመድና የኪቲዮኔ አሳማ

አጎቴ ኤሮኒ ወንዙን ሳያናግር ጀልባ አያስነሳም። መዳፉን ውሃው ላይ ጣል ያደርግና አንድ ሁለት ቃል ያንሾካሹካል። ምን እንደሚለው ጠይቄው አላውቅም፣ እሱም ነግሮኝ አያውቅም። በወጣትነቱ ቀርከሃ እንደ ታንኳ አስሮ፣ ሙዝ ጭኖ ወንዙ ባሕር እስከሚገባበት ገበያ ድረስ ይወርድ ነበር። ቀርከሃውን እዚያው ጥሎ፣ ጨውና ላምባ ተሸክሞ በእግሩ ይመለሳል። መንገድ ተሠርቶ ሙዙ በመኪና መሄድ ሲጀምር ሥራ ፈታ። ኋላ የጎማ ጀልባዎቹ መጡና በሙዝ ፋንታ ሰው ማውረድ ያዘ። «ሙዝ ይሻላል፤ አይጮህም» ይላል። ውሸቱን ነው፤ ሰው ይወዳል።

እኔ ሊቲያ የወንድሙ ልጅ ነኝ። ከፊት ሆኜ እቀዝፋለሁ፣ እሱ ከኋላ ይመራል። እሱን የማመሰግንበት ብዙ ነገር አለኝ፤ ከዚያ በፊት ግን የሚያናድደኝን ልናገርና ይውጣልኝ። ይህ ሰው እምቢ ማለት አያውቅም። በተለይ ለኪቲዮኔ።

ኪቲዮኔ የታችኛው መንደር፣ የቩኒቢቱ ሰው ነው። የኛና የነሱ መንደር ታውቩ ናቸው። የጥንት አባቶቻችን አንድ ስለሆኑ እንደ ልባችን እንሰዳደባለን፤ አንዱ ከሌላው ያማረውን ቢያነሳ ባለቤቱ ስቆ ይሰጣል። ቅር ያለው ወይም ያመሰገነ ሰው ውርደቱ የራሱ ነው።

በዚያ ቀን ይዘን የምንወርደው ከወደቡ ከተማ የመጡ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ሴቶችን ነበር። መሪያቸው እትዬ ሜሬሴይኒ ድምፃቸው ጣሪያ የሚያነሳ፣ ሳቃቸው ከድምፃቸው የሚብስ አዋላጅ ናቸው። ጀልባውን እየነፋን ሳለ ኪቲዮኔ መጣ። ለልጁ ሰርግ ከኛ መንደር አሳማ ገዝቶ ኖሯል፤ አሳማው የታሰረበት ልጥ ሊበጠስ ምንም አልቀረውም።

«ምነው ኤሮኒ፣ እስካሁን አልሰመጥክም?»

«አንተን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ፣ የእንቁራሪት ዘር!»

ሁለቱ ሰዎች ታውቩ መሆናቸው ለሴቶቹ ወዲያው ገባቸውና በሳቅ ፈረሱ። የኪቲዮኔ ዓይን ግን ገመዳችን ላይ አርፏል። ውሃ ለወሰደው ሰው የምንወረውራት፣ ያለችን አንዲት ገመድ ናት።

«ይቺን ገመድ ወድጃታለሁ» አለ።

«ውሰዳት።»

«አጎቴ! ሰው ይዘን እኮ ነው የምንወርደው!»

«ታውቩ ለምኖኝ እምቢ ልበል? አያቶቼ ምን ይሉኛል?»

«አያቶችህ ጀልባው ውስጥ አይገቡም!»

ሳቀብኝ። ኪቲዮኔ አሳማውን በገመዳችን አስሮ፣ እሱ አሳማውን ይጎትት አሳማው እሱን ሳይለይ፣ ወንዙን ተከትሎ በሚሄደው የእግር መንገድ ወረደ። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ጀልባው ውስጥ ገባሁ።

ከጎን ወደ ወንዙ እስከሚወርደው ላይኛው ፏፏቴ ድረስ ቀኑ መልካም ነበር። ሴቶቹ ከነልብሳቸው ከፏፏቴው ሥር ቆመው እየጮሁ ታጠቡ፤ ጎደሬና በቅጠል የተጠቀለለ ዓሣ በላን። እንደገና ስንነሳ ግን ውሃው መደፍረስ ጀምሯል። ከተራራው ላይ ዘንቦ ነበር።

«ቶሎ ቶሎ» አለ ኤሮኒ። ሳይቀልድ ሲቀር ያስፈራኛል።

ወንዙ በሁለት ገደል መካከል የሚንደረደርበት ቦታ ስንደርስ ጎርፉ አነሳንና ከቋጥኝ ጋር አላተመን፤ ጀልባው ተገለበጠ። ሁላችንም ተንሳፋፊ ጃኬት ለብሰን ስለነበር እየተንደፋደፍን ዳር ወጣን። ጀልባው ከነጓዙ ወርዶ፣ ሁልጊዜ ጀልባ ተሸክመን በእግር በምናልፈው በታችኛው ፏፏቴ አፋፍ ላይ ተሰወረ። ዘወር ብዬ ሴቶቹን ስቆጥር አንድ ጎደለች።

እትዬ ሜሬሴይኒ ወንዙ መሀል ድንጋይ ላይ ተጣብቀዋል። ከሳቸው በታች ያለው ፏፏቴው ብቻ ነው። ውሃው ይጨምራል፤ ድንጋዩ ባየሁት ቁጥር ያንሳል።

«ገመድ ቢኖረንስ!» ብዬ አጎቴ ላይ ጮህኩበት። «አያቶችህ አሁን ይምጡልህ!»

ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። በዋና ሊገባ ሞከረ፤ ውሃው ጠልፎ እዚያው ዳር ላይ መለሰው። ይህኔ ሴቶቹ መሪያቸው ብቻቸውን እንዳልሆኑ እንዲያውቁ ብለው መዘመር ጀመሩ። እትዬ ሜሬሴይኒም ከድንጋዩ ላይ፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ የመሪነት ድርሻቸውን ዘመሩ።

ከላያችን፣ ከእግር መንገዱ፣ ሌላ ድምፅ መጣ።

«በሥራ ቀን ማነው የሚዘምረው? ሰው ሞተ እንዴ?»

ኪቲዮኔ ነው፤ ከነአሳማው። ወደ ታች አየና ነገሩ ገባው። የአሳማውን እግር ፈታ። አሳማው ጫካ ገባ፤ ኪቲዮኔ ገመዷን ይዞ በገደሉ እየተንሸራተተ ወደኛ ወረደ። ኤሮኒ አንዱን ጫፍ ጃኬቱ ላይ አሰረ። ከላይ በኩል ራቅ ብሎ ገባ፤ ሌላውን ጫፍ ኪቲዮኔና እኔ፣ ከኋላችንም ዘማሪዎቹ በሙሉ ይዘናል። ውሃው አንድ ጊዜ ዋጠው። ብቅ ሲል እጁ ድንጋዩ ላይ ነበር። እትዬ ሜሬሴይኒን አቅፎ ሲወጣ ሁላችንም ጭቃው ላይ ወድቀን አለቀስን።

ኤሮኒ እንደዚያው እንደረጠበ፣ ለአለቃ እንደሚደረገው ኪቲዮኔ ፊት ተቀምጦ አጎነበሰ። «ወንድሜ፣ እኔ…» ሲል ኪቲዮኔ ብድግ አለ።

«ምን ሆነህ ነው? ጭንቅላትህን መታህ? ይልቅ ተነሳና አሳማዬን ፈልግ!»

አሳማው ሳይገኝ ቀረ። ሰርጉም በዶሮ አለፈ፤ የኪቲዮኔ ዘመዶች እስኪሰለቻቸው ድረስ አሙት።

በዓመቱ ዘማሪዎቹ ተመልሰው መጡ። በወንዙ ወርደን ቩኒቢቱ ስንደርስ ዘማሪዎቹ በጠፋው ፋንታ ለኪቲዮኔ የገዙት አንድ የሰባ አሳማ ከኋላችን በመኪና ደረሰ። እትዬ ሜሬሴይኒ ምንጣፉ ላይ፣ ኪቲዮኔ ፊት ተቀመጡ። እሳቸው ታውቩ አይደሉምና ማመስገን ይችላሉ።

«ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ልጆች አዋልጃለሁ» አሉ። «እያንዳንዱን ስቀበል አንተን አስታውሳለሁ።»

ኪቲዮኔ ሊቀልድ አፉን ከፈተ። አገጩ ተንቀጠቀጠ። መንደሩ ሁሉ እያየው ነበር።

አጎቴ ኤሮኒ ከጥግ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይቺን አሳማ ወድጃታለሁ» አለ።

ከዚያ ኪቲዮኔ እንባው ጉንጩ ላይ እየወረደ ሳቀ፤ አሳማዋ የታሰረችበትን ገመድም ወረወረለት። «ውሰዳት፣ አንተ ሌባ! እስካሁን አለመስመጥህ ይገርማል!»

ያን ቀን አሳማዋን አብረን በላን። ለአጎቴ በትልቁ ቆርጬ ያቀረብኩለት እኔ ነኝ። ገመዷ ያን ጊዜ ጀልባው ውስጥ ብትሆን ኖሮ ከጓዙ ጋር ፏፏቴውን ትወርድ ነበር፤ ይህን ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት እኔ ነኝ የማውቀው። አሁን ሁለት ገመድ እንይዛለን። አንዷ ለሰው ናት፤ ሌላዋ ለኪቲዮኔ።