ጎህ ሲቀድ የሚነሳ ሕመም

ጨጓራዬን ያመመኝ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነው። ይኼ ራሱ ያናድደኛል። ባንክ ተዘግቶ፣ ስልክ ጠፍቶ፣ ቆሎ ቆርጥመን ባደርንበት ጊዜ ጉንፋን እንኳን አልያዘኝም። መብራት ተመልሶ፣ ደመወዝ መከፈል ጀምሮ፣ ሰው ሁሉ እፎይ ሲል የእኔ ሰውነት “አሁንስ ተራዬ ነው” ብሎ ዘጭ አለ።

ሕመሙ ሰዓት ያውቃል። በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ በኩል ሰማዩ መገርጣት ሲጀምር፣ ከእንብርቴ በላይ እንደ እርጥብ ልብስ ይጠመዝዘኛል። ልቤ ይደልቃል፣ እጄ ይቀዘቅዛል። ፀሐይዋ ወጣ ስትል ይለቀኛል። ከዚያ ተነስቼ ሓወልቲ ወዳለው መሥሪያ ቤቴ እሄዳለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ደህና ሰው ነኝ፤ ድካሙ ብቻ አይለቀኝም።

የጨጓራ ነገር ከተነሳ ሐኪም ያልሆነ ሰው የለም። አንዷ ተልባ ጠጪ፣ ሌላዋ በርበሬ እርም በዪ፣ አለቃዬ ደግሞ ጾሙን ተዪው አሉኝ። ሁሉንም ሞከርኩ። ተልባ ስጠጣ ከረምኩ፤ ሕመሙ ግን ንቅንቅ አላለም።

የምኖረው እንደ እናት “አደይ” ከምላቸው ከአማቴ ጋር ነው። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ለሥራ መጥቼ ልጃቸውን አግብቼ ቀረሁ። እሱ በጦርነቱ ሄደ፣ አልተመለሰም። አብረውት የነበሩት “ስንለያይ በሕይወት ነበር” ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያውቁት የለም። የሰፈሩ ሰው መርዶውን ሰማ፣ ድንኳን ጣለ፣ አለቀሰ፣ ወጣለት። የእኛን በር ግን ማንም አላንኳኳም።

መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይመጣሉ። ስለዚህ በእኛ ሰፈር ፀሐይ ሳትወጣ በር አይንኳኳም። አንዴ ጎረቤታችን ይኼን ረስታ፣ የቧንቧ ውሃ መምጣቱን ልትነግረን ማለዳ በሩን ደበደበችው። አማቴ ከአልጋቸው ወርደው ደጃፉ ጋ ሳይደርሱ ወደቁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ምስኪኗ ገና ከመንገዱ ማዶ ሆና “ማይ መጺኡ! ውሃ ነው፣ ውሃ ብቻ ነው!” እያለች ትጮሃለች።

ተልባው ሲሰለቸኝ ዓይደር አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዓይኑ ከእኔ ዓይን ይበልጥ የደከመ። የምርመራውን ውጤት አገላብጦ አየና ምንም አላገኘሁም አለኝ።

“የሚያምዎት ከምግብ በፊት ነው በኋላ?”

“ከምግብ ጋር አይገናኝም። ጎህ ሲቀድ ነው።”

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። “ማን ቀርቶባችሁ ነው?”

“ባሌ።”

“እናቴንም እንዲሁ ያደርጋታል፤ ወንድሜን ትጠብቃለች” አለ። “ሆድዎ በር እየጠበቀ ነው። ለዚህ የሚሆን ኪኒን የለኝም።”

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ስንት ጊዜ ሙሉ ሆዴን ዝም በል እያልኩ ተልባ ሳፈስበት፣ እሱ ለካ ስለ እኔ ነቅቶ ይጠብቅ ነበር። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ እጄን ሆዴ ላይ አሳረፍኩ፤ አሳዘነኝ።

ለአማቴ ስነግራቸው ያዝናሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸው በራ።

“ከብዲ ትፈልጥ እያ፣ ጓለይ! ሆድ ያውቃል። ሆድሽ እስከጠበቀው ድረስ ልጄ አለ ማለት ነው። ከሞተማ ምኑን ይጠብቃል?”

“አደይ፣ ሐኪሙ እንደሱ አላለም።”

“እሱ ምን ያውቃል፣ ገና ልጅ ነው።”

ከዚያ በኋላ የጠዋት ሰላምታችን ተለወጠ። “ከመይ ሓዲርኪ? ሆድሽስ?” ይሉኛል። “አመመኝ” እላለሁ። “ተመስገን” ይላሉ። ሕመሜን ሰምቶ ተመስገን የሚል ሰው ከእሳቸው ሌላ አይቼ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር እኔም ቀስ በቀስ ሕመሙን መውደድ ጀምሬ ነበር። ሲጠመዘዝብኝ “አለህ” እለዋለሁ፤ ሆዴን ይሁን ባሌን እንጃ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ቀን ስነቃ ፀሐይዋ አልጋዬ ላይ ደርሳለች። ደንግጬ ሆዴን ያዝኩት። ለስላሳ ነው። ትንሽ ጠበቅኩት፤ ዝም አለ። እንደዚያ ጠግቤ የተኛሁት መቼ እንደሆነ አላስታውስም፤ ሰውነቴ ሁሉ ልቅቅ ብሏል። አፈርኩ። ማንንም ሳያስፈቅድ የዘብ ተራውን ጥሎ እንደሄደ ሰው ሆኖ ተሰማኝ።

ግቢ ስወጣ ውሃ መጥቶ ኖሯል፤ የጎረቤቴን ጩኸት እንኳን አልሰማሁም። አማቴ ጀሪካኖቹን ብቻቸውን ሞልተው፣ የመጨረሻውን እየከደኑ ነው።

“ከመይ ሓዲርኪ? ሆድሽስ?”

አመመኝ ማለት እችል ነበር። ግን እሳቸውን ለመዋሸት አቅም አጣሁ።

“ዛሬ አላመመኝም፣ አደይ።”

ክዳኑን እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና መሬት ላይ ቁጭ አሉ። “ወደይ” አሉ፣ “ልጄ፣ ወደይ፣ ወደይ!” ድምፃቸው ከግቢው አልፎ ወጣ። አጠገባቸው ተቀምጬ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ።

ጎረቤታችን እየሮጠች ገባች። ግራ ቀኙን አየች፤ ሽማግሌ የለ፣ የመጣ ሰው የለ።

“ማነው ያረዳቸው?” አለችኝ።

“እኔ” አልኳት።