እግር የማያሳርፍ ብስክሌት

የድሮ የእሽቅድምድም ብስክሌቴን ካምቢዮ አስወልቄ፣ የኋላው ጎማ በዞረ ቁጥር ፔዳሉም አብሮ እንዲዞር አሠራሁት። እግር ማሳረፍ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱንም ፍሬን አውልቅልኝ ስለው ሽማግሌው መካኒክ፣ «ወደይ፣ የፊቱ ይቆይ» ብሎ ድርቅ አለ። «ልጄ» ስላለኝ እንደ ልጅ ቆጠረኝ ብዬ ተናደድኩ።

በማግስቱ ከቁሓ ወደ መቀሌ ቁልቁል ለቀቅኩት። ፔዳሉ እግሬን ይዞት ይሮጣል፤ ጉልበቴ ሊገነጠል ደርሷል፤ ከኋላዬ አንድ ከባድ መኪና ጡሩምባውን ያንባርቃል። እንደዚያ ተወጥሬ ሳለሁ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ብቅ አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያ ስደርስ ፔዳል መምታቴን ትቼ፣ ብስክሌቱ በራሱ እየሄደ፣ አማትቤ ነው የማልፈው። ቀኝ እጄ ግንባሬ ላይ ሲደርስ እግሬም እንደ ልማዱ ቆመ። ፔዳሉ ግን አልቆመም፤ ከኮርቻው ላይ አነሣኝ። በግራ እጄ ያችኑ የቀረችውን ፍሬን ጨምቄ ከአስፋልቱ ወጣሁና ጠጠር ላይ ተዘረርኩ። መኪናው በጆሮዬ ሥር አለፈ።

ክርኔ ተገሽልጦ ብስክሌቱን እየገፋሁ ስመለስ መካኒኩ እንዴት ወደቅህ አላለኝም። እጅጌውን ሰብስቦ ክርኑ ላይ ያለ የቆየ ጠባሳ እያሳየኝ፣ «የትኛው ቤተ ክርስቲያን ጋር ነው?» አለኝ።