ትርፍ ቁልፍ

ቁልፍ ሠሪዋ ሙያዋን የተማረችው ከባሏ ነው ቢባል ውሸት አይደለም። ሰውየው ጠዋት ሥራ ሲሄድ በሩን ቆልፎባት፣ ቁልፉን ይዞ ይወጣ ነበር። እሷም ቀኑን ሙሉ ከበሩ ጋር ተፋጣ እየዋለች፣ በማንኪያ እጀታና በፀጉር ማስያዣ ሽቦ ስትጎረጉረው ስትጎረጉረው አንድ ቀን እሺ አላት። ከዚያ ወዲያ ወጥታ፣ ሠፈሩን ዞራ፣ እሱ ሳይመጣ ተመልሳ በራሷ ላይ መቆለፍ ለመደች። በመጨረሻ ግን ወጥታ ቀረች። «አስተማሪነቱንስ አልክድም» ትላለች፣ «ክፍያው ነው የበዛብኝ።» የፊት ጥርሶቿ የሉም፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች።

ዛሬ አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ፣ ከጫማ ጠጋኙ ጎን፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚቀርበት ሱቅ አላት። የቁልፍ መቅረጫ ማሽኗ ሲጮኽ ጫማ ጠጋኙ ጆሮውን ይዞ ይራገማል። ቅዳሜ ከሰዓት ማሽኑ ይጠፋና ሴቶቹ ይመጣሉ። ሁሉም ተደብድበው የወጡ ናቸው። ሊቀመንበር የላቸውም፤ ወንበሩስ መቼ በቃ። አዲስ ሴት ስትመጣ አብረዋት ጣቢያ ይሄዳሉ፣ ፍርድ ቤት ደጅ ይጠናሉ። ስለ ሴቶች ጥቃት ስብሰባ አለ በተባለበት አዳራሽ ሁሉ ሳይጠሩ ገብተው ከፊት ይቀመጣሉ። የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ ሲሰለቸው ተረኛ ፖሊሶቹን ሰብስቦ፣ ሴቶቹን በሉ የምትሉትን በሉና ገላግሉን ብሏቸው ነበር። ያን ቀን የተናገረችው ቁልፍ ሠሪዋ ናት። ተደብድባ የመጣችን ሴት «ምን አድርገሽው ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ አለቻቸው። አንዳንዶቹ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ጻፉት፤ ሌሎቹ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያዩ ቆዩ።

ከሴቶቹ መሀል የእሷ ድርሻ በር ነው። ፍርድ ቤት ሰውየውን ከቤት ሲያስወጣው የበሩን ቁልፍ ትቀይራለች። አዲሶቹን ቁልፎች እዚያው ሴትየዋ ፊት ቀርፃ ሁሉንም እጇ ላይ ታስረክባለች፤ ሱቅ የሚቀር ትርፍ ቁልፍ የለም። ምክንያቱን ማንም አይጠይቃትም፣ ሁሉም ያውቀዋልና። በከተማው ስንቷ ሴት እሷ በገጠመችው በር ጀርባ እፎይ ብላ ትተኛለች። ለራሷ እንቅልፍ የሚመጣላትም ይህን ስታስብ ነው።

ልብስ ሰፊዋ የመጣችው በአንድ ዓይኗ እያየች ነው፤ ሌላው አብጦ ተዘግቶ ነበር። ባሏ ሾፌር ነው፤ ለጎረቤት ታዛዥ፣ ለሰው ሁሉ ሳቂታ፣ ቤቱ ሲገባ ሌላ ሰው። ሴቶቹ ተሯሩጠው ከቤት እንዲወጣና እንዳይጠጋት ትእዛዝ አስወጡላት። ቁልፍ ሠሪዋም ያላትን እውቀት ሁሉ እዚያ በር ላይ አዋለችው። ወፍራም መቀርቀሪያ አስገባች፣ ቁልፉን በብረት ሸፈነችው፣ ማጠፊያውን ከውጭ እንዳይነቀል አድርጋ ገጠመችው። ልብስ ሰፊዋ «እትዬ» እያለች ሱቅ እየመጣች ታጫውታት ጀመር። አንድ ቅዳሜ ተነስታ፣ መጥቶ ለምኖኝ አልከፈትኩለትም ስትል ሁሉም አጨበጨቡላት። ከሁሉም አብልጣ ያጨበጨበችው ቁልፍ ሠሪዋ ነበረች።

የልብስ ሰፊዋ እናት ጭብጨባ አያውቁም። የሚናገሩት ጥቂት ነው፣ አንዴ የተናገሩት ግን አይታጠፍም። የልጅ ልጃቸውን ወስደው እያሳደጉላት፣ ከፍተሽ ያስገባሽው ቀን እናት የለሽም፣ ልጅቷንም አታያትም ብለዋት ነበር።

አንድ ረፋድ ላይ ጎረቤቶች ጩኸት ሰምተው ሲደርሱ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናው ሥር ወድቃለች። ሰውየው በራሷ ካውያ መንጋጋዋንና ቀኝ እጇን ሰባብሮ ሄዷል። ቁልፍ ሠሪዋ ሮጣ መጥታ በሩን አየችው፤ አንድ ጭረት እንኳ የለበትም። ማንም ሳይነግራት ገባት።

ሆስፒታል ልትጠይቃት ስትሄድ ልብስ ሰፊዋ በታሰረ መንጋጋዋ፣ በጥርሷ መሀል፣ ሁሉንም ነገረቻት። የልጅቷን አዲስ የትምህርት ቤት ጫማ ይዞ መጥቶ፣ ተቀበይኝና እሄዳለሁ አላት። እጇን ብቻ ልታወጣ ገርበብ አደረገችው። ለፖሊስ እንዴት እንደገባ አላውቅም ብላለች። እሱ ደግሞ ራሷ ከፈተችልኝ፣ ተጋጨን፣ ወድቃ ነው ይላል።

«እትዬ፣ ስትመሰክሪ ትርፍ ቁልፍ ነበረኝ፣ ከሱቅ ተሰረቀብኝ በይልኝ» አለቻት። «ሌላ ምንም አልለምንሽም። እናቴ ካወቀች ልጄን አጣኋት።»

ቁልፍ ሠሪዋ እሺም እምቢም ሳትል ወጣች። የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ እስኪደርስ ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች። ውሸቱን አልፈራችውም፤ ለዚህች ልጅ ብላ መሐላ ብትበላ ደስታዋ ነበር። ግን አንድ ትርፍ ቁልፍ ከሱቅ ወጣ ካለች፣ የእነዚያ ሁሉ ሴቶች በር ያው ተከፈተ ማለት ነው። ማንኛዋ ከዚያ ወዲያ ዓይኗን ትከድናለች? ደግሞ ሌላም ነገር ያንገበግባት ነበር። ያልከፈተችውን እያጨበጨቡ ሲያነሱ፣ የከፈተችው የት ትግባ ብለው አስበው አያውቁም። ፖሊሶቹን «አትጠይቁ» እያሉ ሲያስተምሩ፣ ራሳቸው በጭብጨባ ሲጠይቁ ኖረዋል። በዚህ ንዴት አንዱን የጀመረችውን ቁልፍ እስኪሰበር ሞረደችው።

በቀጠሮው ቀን ችሎቱ ሞላ። ሰውየው ሸሚዙን ተኩሶ መጥቷል። እናትየው ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። የቅዳሜዎቹ ሴቶች ሁለት አግዳሚ ይዘዋል። ልብስ ሰፊዋ ከፊት ነበረች፤ መንጋጋዋ ተጣሞ ገጥሟል፣ ቀኝ እጇ መቀስ መያዝ አይችልም።

ቁልፍ ሠሪዋ ለምስክርነት ተጠርታ ቆመች። የሰውየው ጠበቃ ትሁት ሰው ነው፤ ቁልፍ ሠሪዋን «እናቴ» እያለ ነበር የሚጠይቃት። በሩን ማን እንደሠራው፣ እንዴት እንደሠራችው አስረዝሞ ጠየቃት፤ ሙያዋንም አደነቀላት። ያለ ቁልፍ ከውጭ የሚከፍተው ሰው አለ ወይ አላት። እኔም አልከፍተውም አለች። ከዚያ ወረቀቱን አጠፍ አደረገና፣ «ትርፍ ቁልፍስ እርስዎ ዘንድ ቀርቶ ነበር?» አላት።

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ አየቻት። ዓይኗ ይለምናል። ቁልፍ ሠሪዋ ወደ አግዳሚዎቹ ዞረች፤ እነዚያም መልሱን እየጠበቁ ነበር። አንዷ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳበች።

«ትርፍ የለኝም» አለች። «ለማንም አስቀርቼ አላውቅም።»

«እንግዲያው በሩን የከፈተችው ራሷ ናት ማለት ነው።»

ቁልፍ ሠሪዋ መልስ ሳትሰጥ ልብስ ሰፊዋ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ዳኛዋ ቁጭ በይ ብትላት አልሰማቻትም።

«እኔ ነኝ የከፈትኩት» አለች በተጣመመ አፏ። «የልጄን ጫማ ይዞ መጥቶ ነበር። በሩን ነው የከፈትኩለት፣ ግደለኝ አላልኩትም።»

ከኋላ አግዳሚው ሲንቋቋ ተሰማ። እናትየው ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። ልብስ ሰፊዋ ጀርባቸውን እስኪጠፋ አየችው፤ ከዚያ ቁልፍ ሠሪዋን አንዴ አይታ ፊቷን አዞረች። ስድብ ቢሆን ይቀል ነበር።

ዳኛዋ ቁልፍ ሠሪዋን አሰናብታ፣ ልብስ ሰፊዋ ወደፊት ቀርባ ቃሏን እንድታሰማ አዘዘች። ቁልፍ ሠሪዋ እናትየውን ተከትላ ሮጠች። ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው፤ ሄደዋል ብላ ነበር የፈራችው። አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ መለመን ጀመረች። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እሷን አይቀየሟት፣ ልጇን አይከልክሏት፣ ያላትም እሷ ብቻ ናት እያለች ቀባጠረች። እናትየው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እኔም ለአባቷ ከፍቼለታለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ጎድኔን ሰብሮ ሄዶ፣ እያለቀሰ መጣ። ማልቀስ ይችልበት ነበር። ከፈትኩለትና እሷን አረገዝኩ።»

ቁልፍ ሠሪዋ ደረጃው ላይ ከጎናቸው ተቀመጠች።

«ነግሬያት አላውቅም» አሉ እናትየው። «ብነግራት እሷም ትከፍታለች ብዬ ፈራሁ። ሳልነግራትም ከፈተች።» በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ጠረጉ። «እኔ አልገባም፣ በምን ዓይኔ አያታለሁ? አንቺ ግን ግቢ። ብቻዋን ነው የቆመችው።»

ቁልፍ ሠሪዋ ተነስታ ተመለሰች። የችሎቱን በር ከፍታ ስትገባ፣ ጠበቃው በዚያው ትሁት ድምፁ፣ ከዚያ በፊትስ ስንት ጊዜ ከፍተውለታል እያለ ልብስ ሰፊዋን ይጠይቃት ነበር።