የማትስተዋ ጠመንጃ

ካርቶኑን ስትከፍተው የወጣው የቅባትና የእንጨት ቀለም ሽታ ድንበር ላይ ወዳለችው ቶጎጫሌ ወሰደኝ። ከካርቶኑ እንደወጣች አስተካክላ የምትመታ የአየር ጠመንጃ የትኛዋ እንደሆነች ልትጠይቀኝ መጥተሃል፤ የሚጠየቀውን ሰው አላጣኸውም። ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ፣ ሬዲዮና ጄኔሬተር ፈትቼ እየገጠምኩ ራሴን ያስተማርኩ ነኝ። ጅጅጋ ውስጥ ሌላው ያቃተው ዕቃ መጨረሻው የእኔ ጠረጴዛ ነበር። ይህን የምነግርህ ምክሬን አቅልለህ እንዳታየው ነው።

መንግሥት ከተቀየረ ብዙም አልቆየም ነበር። ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ አንድ የሶማሌ ጓደኛ ነበረኝ። እህቴን ሊያገባ ቃል ገብቷል። ለሠርጉ የሚሆን ነገር ለማግኘት በኢድ ሰሞን የኢላማ ጨዋታ ሊከፍት አሰበ፤ ሰው ከፍሎ ይተኩሳል፣ የመታ ሽልማት ይወስዳል። ያለውን ሁሉ አውጥቶ ቴርሞስ፣ ሽርጥና ብርድ ልብስ ገዛ። እህቴም በእጇ የጠለፈችውን የትራስ ልብስ ጨመረችለት። የቀረው ጠመንጃው ነበር፤ እሱን የመምረጡ ነገር ለእኔ ተሰጠ።

በጭነት መኪና ቶጎጫሌ ወረድን፤ አቧራው ጥርሳችን ውስጥ ይንኮሻኮሽ ነበር። ባለሱቋ ሴትዮ ሦስት ካርቶን አወጣችልን፣ መክፈት ግን ከለከለችን። የተከፈተ ካርቶን እንደ አሮጌ ዕቃ ነው፤ የሚገዛው አይገኝም። በሯ ላይ ተበላሽቶ የቆመውን ጄኔሬተር ፈታሁና አስነሳሁላት። ያን ጊዜ ሦስቱንም በራሷ እጅ ከፈተቻቸው።

በርሜሉን ወደ ታች አጥፌ እየመለስኩ መገጣጠሚያው ይወዛወዝ እንደሆነ በጣቴ ዳሰስኩ። ጆሮዬን ሰደፉ ላይ ለጥፌ የውስጡን የብረት ሞላ ድምፅ አዳመጥኩ። ባለሱቋ፣ ሚስትም የምትመርጠው እንዲህ ጆሮህን ለጥፈህ ነው ወይ ብላ ሳቀችብኝ። ከሱቁ ጀርባ ባዶ ጣሳ አቁመን ሞከርናቸው። የመጀመሪያዋ በርሜሏ ልል ስለነበር ተውኳት። ሁለተኛዋ ጮኸች፣ አጨሰችም፤ ጓደኛዬ አጨበጨበ። ጩኸቱ ውስጧ የቀረ ቅባት ሲቃጠል እንጂ ጉልበት እንዳልሆነ አስረዳሁት፤ የእርሳስ ጥይቷም ከጣሳው በስተግራ አፈር ላይ ነበር ያረፈችው። ሦስተኛዋ እፍ ከማለት በቀር ድምፅ አልነበራትም። ጣሳው ተበሳ። ደገምኩ፤ እዚያው ቀዳዳ አጠገብ ገባች። ያንተንም በዚሁ መንገድ ነው የምፈትናት።

ጓደኛዬ ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝ።

«ዋላል፣ ወንድሜ፣ የምትጮኸውን እንውሰድ። ለዚህ ሥራ ትንሽ የምትስት ናት የምትሆነው።»

«እኔ የመረጥኳት ትስታለች ሲባል ልስማ?»

«እኛ የመጣነው ላንተ ስም ነው ወይስ ለእህትህ ሠርግ?»

በክርክር ግን እኔን የሚረታ አልነበረም። ዝምተኛዋን ይዘን ተመለስን።

በኢድ ቀን ሜዳው በሰው ተሞላ፤ የሽቶና የአቧራ ሽታ ተደባልቆ ነበር። መጀመሪያ ልጆች እየተኮሱ ሳቱ፣ ተሳሳቁ። ከዚያ ከጦር ሜዳ የተመለሱት መጡ። በዚያ ዘመን ከተማችን ውስጥ ጠመንጃ ይዞ የማያውቅ ጎልማሳ ጥቂት ነበር። አንድ የሚያነክስ ሰውዬ ተኩሶ መታና ጠመንጃዋን አገላብጦ አያት። «ይቺ አታታልልም» አለ ለጓደኞቹ። ወሬው ሜዳውን አዳረሰው። እኔም ከኋላ ቆሜ፣ የመረጥኳት እኔ ነኝ እያልኩ ለሰማኝ ሁሉ አወራ ነበር። ቴርሞሶቹ አለቁ፣ ሽርጦቹ አለቁ፣ ብርድ ልብሶቹም ሄዱ። አሥር ሰዓት ገደማ ያ የሚያነክሰው ተመልሶ መጣና እንደገና መታ። ከእህቴ የትራስ ልብስ በቀር የቀረ ሽልማት አልነበረም። ጓደኛዬ አጥፎ ሰጠው።

ከዚያ ጠመንጃዋን አንስቶ አስታቀፈኝ። «ምርጫህ ጥሩ ነበር» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ጓደኛዬ እህቴን ሳያገባ በጭነት መኪና ድንበር ተሻገረ። በርበራ ወደብ ታየ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። ቤታችን ውስጥ ጥፋተኛው እኔ ሆንኩ። ጠመንጃ አስተካክላ መታች ተብሎ የሚኮረፍበት አገር የት አለ? ዛሬም ሳስበው ይመረኛል።

የሆነው ሆኖ፣ ያደረግኩትን ስማኝ። ከሦስት ጠመንጃ መሃል እውነተኛዋን ለይቻለሁ፤ ቁም ሳጥን ላይ በጨርቅ ተጠቅልላ አለች፣ እስከ ዛሬም አትስትም። ፊደል ሳልቆጥር ባለ ሦስት በር ወርክሾፕ ከፍቻለሁ። ከኤረር ድረስ ጄኔሬተር ጭነው መጥተው አስነስቼላቸዋለሁ። ከበርበራ የሚመጣውን ሹፌር ሁሉ ስለ እሱ ጠይቄያለሁ፤ ይህን ቤት ውስጥ የሚያውቅ የለም። እህቴን ማንም ክፉ ቃል ሳይናገራት እዚሁ ቤቴ አኑሬያታለሁ።

አሁን ሻይ ይዛ የምትገባው እሷ ናት። እስክትወጣ ካርቶኑን ክደነው።