የአሰብ ብርድ በቸሩ መዝገብ

ቸሩ የመንዝ ሰው ነው። ውርጭ ገብስ ሲያቃጥል እያየ ያደገ ሰው አሰብ ድረስ ወርዶ ሙቀት ሲለካ መኖሩ፣ እግዜርም አንዳንዴ ይቀልዳል ያሰኛል። እኔ የአየር ጠባይ ጣቢያው ራዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ፤ እሱ የለካውን እኔ ለአዲስ አበባ አስተላልፋለሁ።

በግቢው መካከል በአራት እግሩ የቆመ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ጎኑ እንደ ፐርሲያና መስኮት የተሰነጣጠቀ ሣጥን አለ። በውስጡ ካሉት ቴርሞሜትሮች አንዱ ሌሊቱ የደረሰበትን ትልቁን ቅዝቃዜ ይዞ ያድራል። ቸሩ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጎንበስ ብሎ ያነባል፣ ይጽፋል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በመዝገቡ ላይ አንድም ባዶ ቦታ አልነበረም። ወባ ሲያንዘፈዝፈው በሁለት ሰው ተደግፎ አንብቧል። ባገባ ማግስት እንኳ ሙሽራይቱን አባይነሽን መኪና ውስጥ አስቀምጦ፣ አንብቦ ነው የተመለሰው። እሷ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳችለትም።

በ1962 ዓ.ም. ኅዳር ሲጋመስ ብርድ ገባ። የአሰብ ብርድ ነውና ደገኛ ይስቅበታል፤ ከተማው ግን አልሳቀም። ደጅ የሚያድሩት አልጋዎች ሁሉ ወደ ቤት ገቡ። በረዶ ሻጩ ሥራ ፈታ። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ያዮ ለአሥመራ መንገድ የገዛውን ካፖርት አውጥቶ ለበሰና ቀኑን ሙሉ ቢሮው ውስጥ ሳያወልቅ ዋለ። ከደሴ ጭነት ሊያነሣ የመጣው ሾፌር ደስታው ብቻ በካናቴራ እየተንጎራደደ፣ «እናንተ ብርድ የምትሉት ለእኛ አገር የፋሲካ ፀሐይ ነው!» እያለ ሰው ያበሽቃል።

ቸሩን ደግሞ ሌላ ነገር ያዘው። ከእሱ በፊት የነበረው ሰው በመዝገቡ ላይ አሥራ ስድስት ነጥብ ዘጠኝ የሚል ቁጥር ጽፎ ሄዷል፤ ጣቢያው ከተከፈተ ወዲህ ከዚያ ዝቅ ያለ አልተመዘገበም። አሁን ቁጥሩ በየቀኑ መውረድ ጀመረ። ሃያ አንድ፣ አሥራ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ነጥብ ስምንት። በየጧቱ ራሱን ይዞ «ወረደ! ወረደ!» ይላል። በሦስተኛው ቀን ማታ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ለደስታውም፣ ለሻይ ቤቱም፣ ለእኔም ነገ ያ ቁጥር እንደሚሰበር ነገረን። ወደ ቤቱ ሲሄድም ለዘበኛው «አባ ሐማዱ፣ ይሄን ሣጥን አደራ» አላቸው። አባ ሐማዱ ከብት ሲጠብቁ ኖረው በስተርጅና ከበይሉል መጥተው የተቀጠሩ ሽማግሌ ናቸው።

ጧት ከቸሩ ጋር ስንደርስ ሣጥኑ ብርድ ልብስ ለብሷል። ተጠቅልሎ፣ በገመድ ሁለት ዙር ታስሮ ቆሟል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!

ቸሩ ክው አለ። ገመዱን ፈታ። ቴርሞሜትሩ ሃያ ነጥብ ሁለት ይላል፤ የብርድ ልብሱን ሙቀት ነው የለካው።

«አባ ሐማዱ፣ ምን አደረጉኝ?»

«ሦስት ቀን ወረደ ወረደ ስትል ፊትህ ጠፋ» አሉ ሽማግሌው። «ትናንት ደግሞ አደራ አልከኝ። በእኛ አገር ብርድ ሲመጣ፣ የአደራ ግልገል ይዘህ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ነው የምታለብሰው። አለበስኩት።»

ቸሩ ጮኸ። ዘጠኝ ዓመት አብሬው ስሠራ ሲጮኽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ስለ ዘጠኝ ዓመቱም፣ ስለ መዝገቡም፣ ስለ ወባውም ሁሉን አወራረደው።

ጩኸቱን ሰምቶ ደስታው ከመኪናው ወርዶ መጣ። ነገሩ ሲገባው ሳቁን ዋጠና፣ «ጋሽ ቸሩ፣ ምን ያስጨንቃል? አሥራ ስድስት ብለህ ጻፋ! ማን አየ? እኔም ዛሬ ሌሊት ጋቢናዬ ውስጥ ቀዝቅዞኛል፤ ልመሰክርልህ እችላለሁ» አለው።

ቸሩ እስክሪብቶውን አወጣ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሊጽፍ ነበር። እኔም ቢጽፍ አልፈርድበትም ነበር። የእስክሪብቶው ጫፍ ወረቀቱን ሳይነካ ግን ቀና ብሎ ሽማግሌውን አያቸው። ሽርጥና ስስ ሸሚዝ ብቻ ለብሰው ቆመዋል።

«አባ ሐማዱ፣ ይሄ ብርድ ልብስ የማን ነው?»

«የኔ ነው።»

«ሌላ አለዎት?»

«የለም።»

«እርስዎ ታዲያ ምን ለብሰው አደሩ?»

«አልተኛሁም። አጥሩን ዞርኩ። ቁጭ ስል ያንቀጠቅጠኛል፤ ስሄድ ደህና ነው። የንጋቱ የሱብሂ አዛን እስኪል ዞርኩ።»

ደስታው ካናቴራውን ቁልቁል ጎተተ። ቸሩ ብርድ ልብሱን አራግፎ ሽማግሌውን በጁ አለበሳቸውና ከሣጥኑ ጎን መሬት ላይ ቁጭ አለ። ከዚያም በዚያ ቀን ቦታ ላይ ሰረዝ አሰመረ። በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያው ሰረዝ ነው። አሰመረና በረጅሙ ተነፈሰ፤ ከእኔና ከሽማግሌው ይልቅ የቀለለው እሱ ነበር ብል አልዋሸሁም። ወዲያው «ዝንጅብል ያለው ሻይ ይምጣልን!» ብሎ ደስታውን ላከው።

ሻዩን ሳንጨርስ ከአዲስ አበባ ጥያቄ መጣ፦ ዝቅተኛው ሙቀት አልደረሰንም፤ ካልተለካ ግምት ላኩ።

ለቸሩ አነበብኩለት። አባ ሐማዱ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ይሞቃሉ። ቸሩ እሳቸውን አይቶ፣ «ጻፍ» አለኝ።

«ግምት፦ አንድ ሽማግሌ ያለ ብርድ ልብስ ቁጭ ማለት የማይችልበት።»

እኔም አንዲት ቃል ሳልቀንስ ላክሁት።